የሊሾው ዳገት

ዛሬ ጠዋት እናቴና አጎቴ ሳሎን ቁጭ ብለው ዩኒቨርሲቲ አስገቡኝ። እኔ መኝታ ቤት ፀጉሬን እያበጠርኩ ነበር። በሩ አንድ ስንዝር ያህል ገርበብ ብሏል፤ ጆሮዬ ደግሞ የእግሬንም ድርሻ ደርቦ ነው የሚሠራው። «የላይኛውን ግቢ አንደኛ ምርጫ አድርጊው እትዬ» ይላል አጎቴ። «ራምፑን በእጄ ነው የሠራሁት። እዚያ ካልተመቻት የት ሊመቻት ነው?» የእናቴ የስፌት መኪና ቆመ። ከዚያ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲሄድ ተሰማኝ። እናቴ ስትጽፍ ትጫናለች፤ ጨርቅ ላይ በኖራ እንደምታሰምረው ነው የምትጽፈው። «እሷንስ አንጠይቃትም?» አለች በመጨረሻ፣ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ። «ምኗን ትጠይቂያታለሽ? ልጅ ምን ያውቃል?» አላት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሒሳብ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ማበጠሪያዬን አልጋው ላይ ወረወርኩና ባለጎማ ወንበሬን ወደ በሩ ገፋኋት።

ሳሎናችን ጠባብ ነው። የእናቴ የስፌት መኪና፣ ሦስት ወንበር፣ የደንበኞች ልብስ የተከመረበት ጠረጴዛ አለ፤ ከዚያ የተረፈው ለእኔ ጎማ ነው። ከመኝታ ቤት እስከ ውጭው በር የምታደርሰኝ አንዲት ቀጭን መንገድ አለችኝ፣ እሷንም እናቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ ካልጣለችባት። ግድግዳው ላይ ከሁሉም ከፍ ብሎ የተሰቀለው የአጎቴ ፎቶ ነው። የራምፑ፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ለጎማ የተሠራው ዳገት፣ ፎቶ ቢባል ይሻላል። የዩኒቨርሲቲው የላይኛው ግቢ የዛሬ አራት ዓመት ሲመረቅ የተነሳ ነው፤ ሪባን ተዘርግቷል፣ ሙሉ ልብስ የለበሱ አምስት ሰዎች ፈገግ ብለዋል፣ አጎቴ የግንበኛ ማንኪያውን ደረቱ ላይ ይዞ ዳር ቆሟል፣ መሀላቸው ራምፑ እንደ መስታወት ያበራል። ሰፈሩ አጎቴን «ሊሾ» ነው የሚለው። የሲሚንቶ ወለል እንደ እሱ የሚያለሰልስ በከተማው የለም ይባላል፤ እውነትም የለም። እሱ የጨረሰው ወለል ላይ ፊቱን አይቶ ጺሙን የሚላጭ ሰው አይጠፋም። ፎቶው ላይ ግን ዊልቸር ላይ የተቀመጠ አንድም ሰው የለም። አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ እያየሁት ይህን ያስተዋልኩት ዛሬ ጠዋት ነው፤ በራሴም ሳይቀር ተናደድኩ።

«ቅጹ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚገባው?» አልኩ።

«እስከ አሥራ አንድ» አለች እናቴ፣ ወረቀቱን በመዳፏ እየሸፈነች።

«አሁን ገና ሁለት ሰዓት ነው። ግቢውን ሄጄ ልየውና እፈርማለሁ።»

«እኔ ፈርሜያለሁ እኮ፣ አሳዳጊ የሚለው ላይ» አለች። ቀና ብላ አላየችኝም። አጎቴ ከት ብሎ ሳቀ፤ ራምፕ ደግሞ ምኑ ይታያል፣ ይሄዱበታል እንጂ አለኝ። እኔም እሱን እኮ ነው የምልህ፣ ልሂድበት አልኩት። ሳቁ እዚያው ቆመ። እናቴ መኪናዋን ረገጠች። ሲከፋትም፣ ሲጨንቃትም፣ ስትሸነፍም መልሷ ይኸው ነው፤ መኪናው ይጮኻል፣ እሷ ዝም ትላለች፣ እኔም ዝም እላለሁ፣ በመካከላችን የሰው ልብስ ይሰፋል። ጎረቤት ስለ እግሬ ሲጠይቃት «የፈጣሪ ሥራ ነው» ብላ ትዘጋዋለች። ደረጃዎቹን ሁሉ የሠራው ግን ፈጣሪ እንዳልሆነ እሷም ታውቃለች። ቅጹን ከመዳፏ ሥር ስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

አጎቴ አሮጌ ፒካፕ አለችው። ከኋላዋ ሲሚንቶ፣ አካፋና ባልዲ ጠፍቶ አያውቅም። ወንበሬ ከእነሱ ጋር ትጫናለች፣ እኔ ጋቢና እገባለሁ፤ ከእሱ ጋር የሄድኩበት ቦታ ሁሉ ቀሚሴ የሲሚንቶ አቧራ ለብሶ ነው የምደርሰው። አንስቶ ሲያስገባኝ አያንገላታኝም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ነው የሚያነሳኝ፤ መዳፉ ሸካራ ነው፣ አያያዙ ግን እንቁላል እንደያዘ ሰው ነው። የመጀመሪያዋን ወንበሬን የገዛልኝም እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ። መንገድ ላይ ስለ ራምፑ አወራልኝ፤ አሸዋውን ሦስት ጊዜ እንዳስነፋው፣ ሲሚንቶውን በዱቄት ወንፊት እንዳወረደው፣ እስኪደርቅ ውሻ እንዳይረግጠው አጠገቡ ቁጭ ብሎ እንደዋለ። በሪባኑ ቀን ከእንግዶቹ አንዱ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነክተው «ይሄ ወለል ነው ወይስ መስታወት?» እንዳሉ ሲነግረኝ መቶኛ ጊዜው ነበር። ሌላ ጊዜ እስቅለታለሁ። ዛሬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ እሱም ራዲዮ ከፈተ።

የላይኛው ግቢ እንደ ስሙ ኮረብታ ላይ ነው። በሩ አጠገብ ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ያው የሳሎናችን ፎቶ ተሰቅሏል። ሙሉ ልብስ ለባሾቹ ተቆርጠው ወጥተዋል፣ አጎቴም ተቆርጧል፣ ራምፑ ብቻውን ቀርቶ ከሥሩ «ለሁሉም ምቹ ግቢ» ተብሎ ተጽፎበታል። አጎቴ መቆረጡን አላስተዋለም፣ ወይም እንዳላስተዋለ ሆነ። «አየሽ? አየሽ አይደል?» አለኝ በጣቱ እየጠቆመ። ወፍራም ካፖርት የለበሰው ጥበቃ ወደ ዋናው ሕንፃ መራን። ሕንፃው አራት ፎቅ ነው፣ መስታወት በመስታወት፤ ከመሬቱ እስከ በሩ ሰባት ደረጃ አለው። ከደረጃው ጎን ራምፑ አለ። አለ ከተባለ ማለቴ ነው። ከታች በወፍራም ሰንሰለት ታጥሯል፣ ሰንሰለቱ ተቆልፏል፣ ከሰንሰለቱ ወዲያ ስድስት የአበባ ማሰሮ ተደርድሮበታል።

«ይሄ የእንግዳ ነው» አለ ጥበቃው።

«የምን እንግዳ?»

«ጎብኚ ሲመጣ ነዋ። አበባውን እናነሳለን፣ እንወለውለዋለን፣ ፎቶ ይነሱበታል። ክፍት ከሆነማ ሰው ይሰብራል። አንድ መምህር በዝናብ ወርደውበት ክንዳቸው ተሰብሮ በጄሶ ከረሙ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ከልቡ አዝኖልኛል። «አንቺ ደግሞ ምን አስጨነቀሽ እህቴ? ስንት ጎረምሳ አለ እዚህ። አራቱን ጠርቼ ብድግ ነው የሚያደርጉሽ።»

ብድግ! ጆንያ ነኝ እኔ? ጠዋት አራት ጎረምሳ፣ ማታ አራት ጎረምሳ። ሽንት ቤት ስፈልግስ? የቸኮሉ ዕለትስ? ፈተና ያለባቸው ዕለትስ? እስክመረቅ ድረስ ስንት ጊዜ «ይቅርታ ወንድሞቼ፣ ላስቸግራችሁ» እንደምል በጭንቅላቴ አባዛሁት፤ ቁጥሩ ሲመጣልኝ ደሜ ፈላ። ክፈተው አልኩት። ጥበቃው አጎቴን አየ። እኔ ስናገር ሰው ሁሉ የሚያየው ከኋላዬ የቆመውን ነው፤ ወንበሯ የምትናገር ሳይመስላቸው አይቀርም። አጎቴም «ክፈተው፣ ሠሪው እኔ ነኝ» አለው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ። ሰንሰለቱ ተፈታ፣ ማሰሮዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ።

መጀመሪያ ብቻዬን ሞከርኩ። ጎማዬን ሁለቴ ገፋሁ። በሦስተኛው የፊት ጎማዎቼ ከመሬት ተነስተው ወደ ኋላ ልገለበጥ ስል አጎቴ ደርሶ ያዘኝ። «ቆይ፣ አገፋፍሽ ነው፣ እኔ ልግፋሽ» አለ። አጎቴ ሃምሳ ኪሎ ሲሚንቶ በአንድ ትከሻው ይዞ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ነው። ግማሽ ላይ ስንደርስ ጫማው ሲንጫጫ ተሰማኝ፣ ከዚያ ጫማው ከዳው። ወንበሬ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ ቅልጥሙን መታችው። እሱ ግን አልለቀቀኝም። በጉልበቱ ወርዶ፣ እኔን በደረቱ ደግፎ፣ በገዛ ሊሾው ላይ እየተንሸራተተ ታች ድረስ ወረድን። ደረጃው ላይ ቆመው የነበሩ ተማሪዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። አጎቴ እንደተንበረከከ ነው፤ የሱሪው ጉልበት ተቀዷል። ከዚያ፣ በዓይኔ ባላየው ኖሮ አላምነውም፣ መዳፉን ዘርግቶ ወለሉን ዳሰሰው። እንደ ልጅ ራስ ነው የዳሰሰው። «አራት ዓመቱ እኮ ነው» አለ ለራሱ። «አንድ ስንጥቅ የለበትም።»

«ስንጥቅ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር!» ጮህኩበት። «ስንጥቅ ቢኖርበት ጎማዬ የሚይዘው ነገር ያገኝ ነበር! ማነው ዳገት በሊሾ ሥራ ያለህ? ይሄ የተሠራው ለጎማ ነው ለዓይን? አራት ዓመት ሙሉ ፎቶውን ከራሴ በላይ ሰቅለህብኛል! ስትሠራው አንድ ቀን እንኳ እኔ ትዝ አላልኩህም? አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን፣ ወንበሬን ይዘህ መጥተህ መሞከር አቃተህ?»

በሕይወቴ ጮኼበት አላውቅም። ታላቅ ነው፣ አጎት ነው፣ ከዚያም በላይ የሚያነሳኝ ሰው ነው። በሚያነሳህ ሰው ላይ አትጮህም፤ ይጥለኛል ብለህ አይደለም፣ ይከፋዋል ብለህ ነው እንጂ። ዛሬ ይክፋው አልኩ። እሱም እያነከሰ ሄዶ የአበባው መደብ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እኔ ራምፑን በዓይኔ ለካሁት። በሩ ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ራምፑ አራት ሜትር ነው። ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ይህን መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት በቅርቡ ነው፣ ክንዴ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። «ለምን አራት ሜትር?» አልኩት። «ከዚያ ካለፈ አበባውን ይነካል አሉኝ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «አበባው ከውጭ የመጣ ነው አሉ።» የመሐንዲሱ ወረቀት ላይ «ራምፕ» ከሚል ቃል በቀር ምንም አልነበረበትም። አለቃው ደግሞ ተቆጣጣሪ ነገ ስለሚመጣ የሆነ ነገር ሙላበት ብሎታል። አጎቴም ያለውን ሙያ ሁሉ አፈሰሰበት። የተቀመጠበትን መደብ አየሁት። ከውጭ የመጣው አበባ ከደረቀ ቆይቷል፤ የቀረው እንጨቱ ነው።

ከኮረብታው ጫፍ የታችኛው ግቢ ይታያል። የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሰው ግን ግቢ ብሎ አይጠራውም፤ ድሮ የከብት እርባታ ጣቢያ ስለነበር «በረቱ» ነው የሚለው። ረጃጅም የቆርቆሮ ቤቶች ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ተዘርግተዋል፣ አንድም ፎቅ የለበትም። እኔ የምፈልገው ሒሳብ ነው፤ ሒሳብ እዚህም እዚያም ይሰጣል። ጥበቃውን በረቱ ስንት ደረጃ እንዳለው ጠየቅሁት። «በረቱማ ምን ደረጃ አለው!» አለ እየሳቀ። «ላም ደረጃ ትወጣለች እንዴ?» አጎቴን ተነስ አልኩት። ሳያንገራግር ተነሳ፣ አንስቶም ጋቢና አስገባኝ።

ቅጹን የሚቀበለው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ረጅም ሰልፍ አለው። ተራችን ሲደርስ መስኮቱ ከእኔ ራስ በላይ ሆነ። ከውስጥ ያለችው ባለመነጽር ሴት እኔን አታየኝም፣ እኔም የማየው ግንባሯን ነው። የመጀመሪያ ምርጫዬን መቀየር እንደምፈልግ ስናገር «ማነው?» አለች አጎቴን እያየች። አጎቴ በጣቱ ወደ ታች ጠቆመ። «ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አንቀበልም፣ አዲስ ውሰጂ» አለች፣ ወረቀት ቁልቁል እየሰጠችኝ። «አሳዳጊ የሚለው ደግሞ ከአሥራ ስምንት በታች ለሆነ ነው። አሥራ ዘጠኝ ከሆንሽ የምትፈርሚው ራስሽ ነሽ።» ይህን ያለችው እንደ ተራ ነገር ነው። ጠዋት እናቴ ተጭና የፈረመችው ፊርማ ለካ ማንም አልጠየቃትም። የታችኛውን ግቢ አንደኛ ላድርግ ስላት ግን እጇን አነሳችና ዝርዝር አወጣች። የላይኛው ግቢ፦ ራምፕ ሦስት፣ ምቹ። የታችኛው ግቢ፦ ራምፕ ዜሮ፣ ምቹ ያልሆነ። አካል ጉዳተኛ ተማሪ የሚመደበው «ምቹ» ወደተባለ ግቢ ብቻ ነው።

«እሱ እኮ ሜዳ ነው» አልኩ ወደ ላይ። «ደረጃ በሌለበት ራምፕ ምን ያደርጋል?»

«ቅጹ ደረጃ አለ ወይ አይልም። ራምፕ ስንት ነው ነው የሚለው።»

«ሄዶ ያየ ሰው አለ?»

«በስልክ ነው የተሞላው።»

ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ለስልክም የለውም ለካ። ከኋላችን የተሰለፉት ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ ግን ጎማዬን ቆለፍኩ። ካልፈቀዱልኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከዚህ መስኮት ሥር ንቅንቅ አልልም፣ የሚያነሳኝ አራት ጎረምሳ ፈልጉ አልኩ። የወንበሬን ቁልፍ ድምፅ ስትሰማ ነው መሰለኝ ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ተነስታ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያየን። መነጽሯን አወለቀች፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ እህቴ። የግቢው ኃላፊ ማኅተም ያለበት ደብዳቤና ፎቶ ካመጣሽ ቁጥሩን ማስተካከል እችላለሁ። ቁጥሩን ብቻ። ዜሮው አንድ ከሆነ ምቹ ነው። እስከ አሥራ አንድ ነኝ።» አጎቴ ዞሮ ፒካፑን አየ። «አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አለኝ» አለ።

መንገድ ላይ ሱቅ አቆመና ዳቦና ውሃ ገዛ። ሱቁ ሦስት ደረጃ ስላለው እኔ ጋቢና ሆኜ ጠበቅሁት። ዳቦው ከባለፈው ሳምንት ጨምሯል አለኝ፣ መጠኑም አንሷል አልኩት። እሱ የሚያኝከው ዳቦ አልወረደለትም። የኔ ወርዷል፣ ርቦኝ ነበር።

የበረቱ በር ላይ ጥበቃ እንኳ የለም። መንገዱ የተደለደለ አፈር ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጭቃ እንደሚሆን አይጠፋኝም፣ ስለ ጭቃው ሌላ ቀን እጣላለሁ። ወንበሬን ካወረደልኝ በኋላ አጎቴን እዚያው ቁም አልኩትና ብቻዬን ሄድኩ። የመጀመሪያው መማሪያ ክፍል በሩ ሰፊ ነው፤ ላም የገባችበት በር ለእኔ አይጠበኝም። ገባሁ። ማንም አላነሳኝም፣ ማንም «ቀስ!» አላለኝም፣ ማንም ጎበዝ ብሎ አላጨበጨበልኝም። እስከ ጥቁር ሰሌዳው ድረስ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ ወጣሁ። ሁለተኛው ክፍል ገባሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ገባሁ። ሽንት ቤቱን አየሁት፤ በሩ ይከፈታል፣ ወንበሬ ውስጡ ትዞራለች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስት በር ገብቼ ወጣሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ ንዴቴ ባሰ። ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነው ዕድሜ ልኬን የተከለከልኩት! ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ የንዴት ነው፣ ማንም ሌላ እንዳይመስለው።

የግቢው ኃላፊ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው አዛውንት ናቸው። የቁልፍ ዘለላ በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ነገሩን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሜዳ ላይ ዳገት ሥሩልን ነው የምትሉኝ?» አሉ። «አዎ አባባ» አልኳቸው። «የት ላይ?» ችግሩ እሱ ነው። ሦስታችን ግቢውን ዞርነው፤ አንድ ደረጃ፣ አንድ እርከን፣ አንድ ከፍ ያለ ደፍ አጣን። በመጨረሻ ያገኘነው የባንዲራውን መስቀያ ነው። ምሰሶው የተተከለበት የሲሚንቶ መድረክ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ይላል። እዚያ ላይ የሚወጣ ሰው የለም፤ ባንዲራው የሚሰቀለው ከታች ሆኖ በገመድ ነው። ኃላፊው እኔን አዩኝ፣ ምሰሶውን አዩ፣ ሳቃቸው ጠፋ። «እዚህ ነው ያደረሱን» አሉና ኮታቸውን አወለቁ።

ከወንበሬ ጎንበስ ብዬ በስንዝሬ ለካሁ። ለአንድ ስንዝር ከፍታ አሥራ ሁለት ስንዝር ርዝመት፤ መሬቱን በጣቴ ጭሬ ምልክት አደረግሁ። አጎቴ ምልክቴ ላይ ችካል ተከለ፣ ሲባጎ ወጠረ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጠ። ከበረቱ ጀርባ ስብርባሪ ጡብ አመጡና ሞሉት፤ ኃላፊው በባልዲ ውሃ አመላለሱ፣ አጎቴ አቦካ። ሥራው ላይ ሲሆን አይናገርም፤ አንድ ጊዜ ብቻ አካፋውን አቁሞ «ወርዱ ስንት ይሁን?» አለኝ። አራት ዓመት ዘግይቶም ቢሆን ጠየቀኝ። «ወንበሬ፣ ከዚያ በዚህም በዚያም የክርን ቦታ» አልኩት። በሲባጎው ወንበሬን ለካ፣ ክርኔን ለካ፣ እንዳልኩት አደረገው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተሞልቶ ተስተካከለ። ያኔ አጎቴ ባልዲውን ጎርጉሮ ሊሾ የሚያለሰልስበትን ብረት አወጣ። ደረቅ ሲሚንቶ በተን አደረገበት፣ በተላጠው ጉልበቱ ወረደ፣ ክንዱ ያንን የለመደውን ግማሽ ክብ መዞር ጀመረ። አንዴ አሸት ሲያደርገው ጥጉ ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ አበራ።

«አጎቴ!» አልኩ። «እጅህን አንሳ!»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ብረቱን አየው፣ ያበራውን ጥግ አየው፣ እንደ ተያዘ ሌባ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «ልማድ ነው» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ኃላፊውን መጥረጊያ ጠየቃቸው። እሳቸውም የጭራሮ መጥረጊያ አመጡለት፣ የግቢ መጥረጊያ፣ ጫፉ የተበላ። አጎቴ መጥረጊያውን እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጎተተው። ቧጨረው፣ አሻከረው፣ ያበራውንም ጥግ ሁለቴ ደገመለት። ሠላሳ ዓመት ወለል ሲያለሰልስ የኖረ ሰው ነው፤ ከንፈሩን ነክሶ ነበር። አላዘንኩለትም። ቆይቼ አዘንኩለት፣ ግን አልነገርኩትም።

እኔ ፎቶ አነሳሁ፣ ኃላፊው ደብዳቤ ጽፈው ማኅተም መቱበት፣ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን መስኮቱ ሥር ደረስን። ባለመነጽሯ ስልኬ ላይ ፎቶውን አየች፣ ደብዳቤው ላይ ማኅተሙን አየች፣ ዜሮውን ሰርዛ አንድ ጻፈች፣ «ያልሆነ» የሚለውንም ሰረዘችው። «ስርዝ ድልዝ አይቻልም አላሉም?» አልኳት። «እሱ ለእናንተ ነው» አለች። ወዴት እንደሚያወጣ አይጠይቁኝም ወይ ስላት «ቅጹ ላይ የለም» አለችና ሰዓቷን አየች። አንደኛ ምርጫ ላይ የታችኛው ግቢ ብዬ ጻፍኩ። ፊርማ አልነበረኝም፣ እስከ ዛሬ የፈረምኩት ነገር የለም፤ እዚያው አንድ ፈጠርኩና ፈረምኩ።

ቤት ስንገባ እናቴ ጠዋት የተውናት ቦታ ላይ ናት። አጎቴ ሰላም ሳይላት ወንበር አስጠጋ፣ ወጣበት፣ ፎቶውን ከሚስማሩ አወረደና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መሬት ላይ አቆመው። ግድግዳው ላይ ቀለሙ ያልወየበ አራት ማዕዘን ቀረ። እናቴ የተቀደደ ሱሪውን አየች፣ የእኔን ቀሚስ አየች፣ ምን ሆናችሁ አላለችም። ቅጹን ቀየርኩት፣ በረቱን አንደኛ አደረግሁት፣ የፈረምኩትም ራሴ ነኝ አልኳት። መኪናዋን ልትረግጥ እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገች፤ ከዚያ መልሳ አወረደችው።

«ራምፕ አለው?» አለች።

«አለው።»

«ወዴት ነው የሚያወጣው?»

ቀኑን ሙሉ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ነው የፈለግሁት። መሐንዲሱ አልጠየቀ፣ ተቆጣጣሪው አልጠየቀ፣ ሪባን የቆረጡት አልጠየቁ፣ የባለመነጽሯ ቅጽ ላይ የለም። እናቴ ጠየቀችው፣ አሥር ሰዓት ያህል ዘግይታ።

«የትም» አልኳት። «ጠዋት ጠይቀሽኝ ቢሆን ኖሮ ደረጃ በሌለበት ራምፕ አያስፈልገኝም እልሽ ነበር።»

አጎቴ ጥፍሩ ውስጥ የደረቀውን ሲሚንቶ መፋቅ ጀመረ። እናቴ ተነሳች፣ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለችና ከመኝታ ቤቱ እስከ ውጭው በር በምታደርሰኝ ቀጭን መንገድ ላይ የወደቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ አንድ በአንድ መልቀም ጀመረች። እጄ የሚደርስበትም ነበር። እስክትጨርስ ድረስ ግን አላገዝኳትም።